መምህራንን እስኪበቃቸው ድረስ ለማብቃት የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይህን የማይሰማ የአድባር፣ የአውጋርና የአቴንዳንስ ጠላት ነው! አዳራሽ ያለህ ማይኩን ቀንስና ስማ፤ ክፍል ያለህ ጠመኔህን አስቀምጥና ስማ። ክፍል ውስጥ የቀረ ሰው ካለ ማለታችን ነው።

መምህር የትውልድ ቀራጭ መሆኑ በየዓመቱ አዲስ ባነር እየታተመ የተረጋገጠ በመሆኑ፤

በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ «የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ» ተብሎ ሲሰየም ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የጫነብን በመሆኑና እኛም ከሁለቱ የሚቀናንን ሥልጠናውን አስቀድመን ትምህርቱን በይደር ያቆየነው በመሆኑ፤

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ ተጠያቂ መፈለግ ግድ በመሆኑና ስንፈልግ መጀመሪያ እጃችን የገባው መምህሩ በመሆኑ፤

የመምህሩን ክፍተት በሥልጠና፣ ሥልጠናው ያልሞላውን ክፍተት ደግሞ በሌላ ሥልጠና መሙላት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የማብቃት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የወጣለት ሌላ ስም እንዳለ ደርሶናል፤ በጽሑፍ አይሰፍርም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

«ክፍተት» ማለት በመምህሩ ዕውቀት፣ ክህሎት ወይም አመለካከት ላይ የሚታይ ጉድለት ነው። የ4ኛ «ለ» ክፍል ጣሪያ ላይ ያለው፣ ዝናብ ሲጥል ተማሪዎቹ ደብተራቸውን አቅፈው ወደ ግድግዳው የሚሸሹበት ነገር ግን ክፍተት አይደለም፤ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም።

«አሳታፊ ዘዴ» ማለት ብቻን ቆሞ ማውራት እንደማይበጅ አሰልጣኙ ለሦስት ቀን ብቻውን ቆሞ የሚያወራበት ዘዴ ነው።

«የልምድ ልውውጥ» ማለት በሚኒባስ ሄዶ የሌላ ትምህርት ቤት አጥር አድንቆ መመለስ ነው።

«ውሎ አበል» ትርጓሜ አያስፈልገውም።

አንቀጽ 3፦ ስለ 60 ሰዓት

ማንኛውም መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በእናንተ ቋንቋ ተሙማ፣ የማከናወን ግዴታ አለበት። ክፍተቱን ይተነትናል፣ ያቅዳል፣ ይተገብራል፣ ይገመግማል። ሲገመግም ክፍተቱ ቦታው ላይ መኖሩን ያረጋግጥና እንደገና ከመተንተን ይጀምራል።

ሰዓቱ መስከረም ተጀምሮ ሰኔ የሚያልቅ ቢሆንም፣ ሰኔ ላይ በአንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ ማጠናቀቅ ተፈቅዷል። ይህን የሚያደርግ መምህር ግን የሙያውን ሥነ ምግባር መጠበቅ አለበት፤ ቢያንስ ሦስት እስክሪብቶ ይጠቀማል። የመስከረሙ በሰማያዊ፣ የታኅሣሡ በጥቁር፣ የሚያዝያው ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበ ሰማያዊ ይጻፋል። የጥቅምቱ ገጽ ላይ የቡና ስኒ ክብ ያሳረፈ መምህር በሥራ አፈጻጸሙ ሁለት ነጥብ ይጨመርለታል፤ ፖርትፎሊዮው ተኖሮበታልና።

ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ፖርትፎሊዮውን በክብደቱ ይመዝናል። ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ማየት የሚፈልግ ሱፐርቫይዘር ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል።

አንቀጽ 4፦ ስለ አወራረድ

ሥልጠና እንደ ውኃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንደ ውኃም ሲወርድ መንገድ ላይ ይሰርጋል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ፣ ሆቴል ውስጥ፣ በአምስት ቀን የተሰጠው የአሰልጣኞች ሥልጠና ክልል ሲደርስ ሦስት ቀን፣ ዞን ሲደርስ ሁለት፣ ወረዳ ሲደርስ አንድ፣ ጉድኝት ማዕከል ሲደርስ ከሻይ እስከ ምሳ ይሆናል። ትምህርት ቤት የሚደርሰው ፎቶኮፒው ነው። በፎቶኮፒው ፎቶኮፒ ላይ «አሳታፊ» የሚለው ቃል «አሳፋሪ» ተብሎ ቢነበብ የሥልጠናውን ይዘት አይለውጠውም።

የሒሳብ ሥልጠና ሲመጣ የሒሳብ መምህር መላክ ግዴታ አይደለም። ተራ የደረሰው ይሄዳል። ባለፈው ስፖርት መምህሩ ስለሄደ ዘንድሮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ትሂድ።

(ነጋሪ ነኝና አዋጁን እንደተጻፈ ማንበብ አለብኝ። ግን እኔም ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አንዲት ነገር ጣልቃ ላስገባ። አበል እንጠላለን የሚል መምህር ካለ ይዋሻል። እኔ በሦስት ቀን አበል የልጄን ጫማ ገዝቻለሁ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበር ጠፍቶኛል፤ የጫማው ቁጥር ግን 32 ነበር። ወደ አዋጁ ልመለስ።)

አንቀጽ 5፦ ስለ አዳራሽ ሥርዓት

ሥልጠና በትውውቅ ይጀመራል። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ላይ ሻይ የጠጡ ባልደረቦች ተራ በተራ ተነሥተው ስማቸውን፣ የአገልግሎት ዘመናቸውንና የሚወዱትን ምግብ ይናገራሉ። ቀጥሎ ከሥልጠናው የሚጠበቀው ፍሊፕ ቻርት ላይ ይጻፋል። ትክክለኛው መልስ «ዕውቀት መቅሰም» ነው። «አበሉ ዛሬ ነው ነገ?» የሚለው በልብ ይያዛል።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲጫን የዝናብ ጭብጨባ ይደረጋል። 28 ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩት ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጀመሪያ በአንድ ጣት፣ ከዚያ በሁለት፣ በመጨረሻም በሙሉ መዳፋቸው ዝናብ ያዘንባሉ። (ይህ ዝናብ 4ኛ «ለ»ን አይመለከትም።) ዝናቡ ሲያባራ ስላይድ 47 ይከፈታል፤ እንዲህም ይላል፦ «ተማሪን ለረጅም ሰዓት አስቀምጦ ገለጻ መስጠት ጊዜ ያለፈበት ዘዴ ነው»። አሰልጣኙ ይህን ቃል በቃል አንብቦ ወደ ስላይድ 48 ያልፋል።

ስለ ደመወዝ፣ ስለ መጽሐፍ እጥረትና ስለ ቀዳዳው የሚነሡ ጥያቄዎች «ፓርኪንግ» የተባለ ወረቀት ላይ ይለጠፋሉ። ጥያቄ ከፓርኪንግ ሲወጣ እስካሁን ያየ የለም።

አንቀጽ 6፦ ስለ መሰላሉ

የሙያ ዕድገቱ ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። «መምህር» ብቻ ተብሎ ለመጠራት ሦስተኛው እርከን ላይ መድረስ እንደሚያስፈልግ ልብ ይሏል። እስከዚያ ድረስ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር የነበረው ማን እንደሆነ እየተጣራ ነው።

አንቀጽ 7፦ ጸንተው ስለሚቆዩ ሥልጠናዎች

በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ በሳተላይት ሲያስተምር መምህሩ አጠገቡ እንዴት እንደሚቆም የተሰጠው ሥልጠና ፕላዝማው ባይኖርም የጸና ነው። አንድ ለአምስት የተደራጃችሁም አምስቱ ቢዛወሩ አንዱ ብቻውን ተወያይቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

አንቀጽ 8፦ ስለ ሕገወጥ ሥልጠና

ከዚህ በኋላ ያለ ባነር፣ ያለ አቴንዳንስና ያለ አሰልጣኝ ማንም መምህር ለማንም መምህር ምንም ነገር ማሳየት በጥብቅ ተከልክሏል። ክልከላው ለምን እንዳስፈለገ የሚከተለው ድርጊት ያስረዳል።

ቦታው የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሰዓቱ የምሳ ነው። አንድ ጀማሪ መምህር፣ የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቁን እንኳ ያልጨረሰ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። መለኪያው ለአንደኛ ደረጃ 50 ተማሪ በክፍል ይላል፤ እሱ 71 አለው። 71ዱም አንድ ስምንተኛ ከሩብ ይበልጣል ብለው ድርቅ ብለዋል። «ስምንት ከአራት አይበልጥም እንዴ ቲቸር?» ይሉታል። ሦስት ቀን ሰሌዳው ላይ ቢያስረዳም አልሆነለትም።

ተከሳሿ መምህርት፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ይህን ሲሰሙ ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ።

«ና እስቲ ልጄ» አሉት። እንጀራቸውን አወጡና አንዴ አጠፉት፤ ግማሽ። ደገሙት፤ ሩብ። ሠለሱት፤ ስምንተኛ። ከዚያ ዘርግተው እጥፋቱን በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩት። «አሁን ራበህ እንበል። ከአራት ሰው ጋር ትበላለህ ከስምንት?»

«ከአራት ነዋ፣ እትዬ።»

«እሱንው ጠይቃቸው። ተርቦ የማያውቅ ልጅ ክፍልህ ውስጥ የለም።»

በማግስቱ ጀማሪው ከካርቶን ክብ ቆርጦ ክፍል ገባ። ትምህርቱ ያለ ሞጁል፣ ያለ ፕሮጀክተርና ያለ ዝናብ ጭብጨባ በ15 ደቂቃ ገባቸው። የወጪ ሪፖርት ሲጠየቅ «ወጪ የለውም» የሚል ያልተለመደ መልስ ሰጥቷል። ተከሳሿም ድርጊቱን ለ30 ዓመት ሲፈጽሙት እንደኖሩ፣ እሳቸውም ከአንዲት ቀደም ያሉ መምህርት በዚያው ክፍል፣ በዚያው የምሳ ሰዓት እንደተማሩት ያለ አንዳች ጸጸት አምነዋል።

አንቀጽ 9፦ ውሳኔ

ዘዴው ውጤታማ ሆኖ በመገኘቱ ከእጃቸው ተወስዶ በአገር አቀፍ ደረጃ ይስፋፋል። «ክፍልፋይን በእንጀራ» የተሰኘ የአምስት ቀን የአሰልጣኞች ሥልጠና ይዘጋጃል። እንጀራ በግዢ መመሪያው ውስጥ ስለማይገኝ በስላይድ ይቀርባል። መምህርቷ የአሰልጣኝነት ሰርተፍኬት ስለሌላቸው አይሰለጥኑም፣ አያሰለጥኑም፤ ተራቸው ሲደርስ ግን በምዝገባ ሊረዱ ይችላሉ።

አባሪ፦ የማስረጃ አወጋገድ ቃለ ጉባኤ

በዕለቱ በኤግዚቢትነት የተያዘው አንድ እንጀራ ለሰባቱ የኮሚቴ አባላት እኩል እንዲከፋፈል ተወሰነ። ሰብሳቢው አንዴ አጠፉት፣ ሁለት ሆነ። ምክትላቸው ደገሙት፣ አራት ሆነ። ጸሐፊው ሠለሱት፣ ስምንት ሆነ። አባላቱ ለሰባት እንዲሆን ዘርግተው በሌላ አቅጣጫ ቢያጥፉትም አልሆነም፤ ስምንተኛው ቁራሽ ለሰብሳቢው ይገባል፣ ለጸሐፊው ይገባል በሚል ክርክር ስብሰባው እስከ 11 ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻም የባለሙያ ድጋፍ እንዲደረግ በአብላጫ ድምፅ ተወስኖ መምህርቷ ከክፍል ተጠርተው ቀረቡ።

እሳቸውም እንጀራውን አይተው፣ «ሰባቱን አንድ አንድ ውሰዱ። ስምንተኛውን ለእኔ መልሱልኝ፤ ምሳዬ ነበር» አሉ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ ፓርኪንግ ላይ ተለጥፏል።