ስምዎ የለም

ባለቤቴ ላፕቶፔን «ሳጥኑ» ነው የምትለው። «ሳጥኑን አንሳልኝ፣ ምሳ ላቀርብ ነው።» አልፈርድባትም። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ420 በፈረንጆቹ 2011 ሲወጣም ለዓይን ተብሎ አልተሠራም፤ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ኪቦርዱ መሐል ቀይ ነጥብ ተሰክቶበታል። እኔ የምወደው ስለሚፈታ ነው። የዛሬዎቹ በሙጫ ታሽገው ሲመጡ ይሄ በብሎን ነው የታሰረው። ፕሮሰሰሩ ራሱ አልተበየደም፣ ሶኬት ላይ ተቀምጧል። በካቻቢቴ መቆለፊያውን ዞር ስታደርገው እጅህ ላይ ይመጣል።

እንዲህ ያለ ነገር ማወቅ ለቤተሰብ ኃላፊ ጥሩ አይደለም።

አብሮት የመጣው ፕሮሰሰር ኮር አይ5-2520ኤም ነበር፣ ባለ ሁለት ኮር። ኢንቴል በዓመቱ፣ በ2012፣ አይቪ ብሪጅ የተባለውን ትውልድ አወጣ። ከዚያ ውስጥ አይ7-3632ኪውኤም አራት ኮር አለው፤ የሚፈጀው ግን ያው 35 ዋት ነው፣ የሚቀመጥበትም ሶኬት ያው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያገለገለ አንድ ገዝቶ ለፋሲካ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ጎኑ አራት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ዕቃ ነው፤ 988ቱ እግሮቹ እንዳይጎብጡ ብሎ በካልሲ ላይ ካልሲ ጠቅልሎታል። አክስቴ ካልሲው ተፈትቶ ሲያልቅ ያገኘችው ነገር እስካሁን አልተዋጠላትም።

ሰካሁት። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ጨለመ።

ላፕቶፕ ሲበራ ፕሮሰሰሩ ራም መኖሩን እንኳ አያውቅም። መጀመሪያ የሚያነበው ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች ባለ ስምንት እግር ቺፕ የተጻፈውን ነው፤ ባዮስ የምንለውን። ባዮሱ የፕሮሰሰሩን መታወቂያ ይጠይቃል። የሁለት ሺህ አሥራ አንዱ ትውልድ 206ኤ7 ብሎ ይመልሳል፣ አይቪ ብሪጅ ደግሞ 306ኤ9። ባዮሱ ለዚያ ቁጥር የተዘጋጀውን ማይክሮኮድ ይሰጠዋል፣ ራሙን ይቀሰቅስለታል፣ ሥራ ይጀመራል። የኔው የፋብሪካ ባዮስ ግን 306ኤ9 የሚባል ሰው ሰምቶ አያውቅም። መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ፣ ደብዳቤው በእጃችሁ፣ የጠራችሁ ኃላፊ በመስኮት እያያችሁ፣ ዘበኛው ወረቀቱን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወርዶ «ስምዎ የለም» እንደሚላችሁ ማለት ነው።

ለነገሩ ይህ ዘበኛ አመሉን ቀድሞ አሳይቶኛል። አንድ ጊዜ የተሻለ የዋይፋይ ካርድ ብሰካበት 1802 የሚል ቁጥር አውጥቶ «ያልተፈቀደ የኔትወርክ ካርድ ተሰክቷል፤ አጥፍተህ አውጣው» አለኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ገንዘቤ!

እንግዲህ ዝርዝሩ ላይ ስም ማስጨመር አንድ መንገድ ነው። ባዮሱን ከፍቶ ማይክሮኮዱን መጨመር ይቻላል፤ ኢንቴል ስለሚፈርምበት ግን እንዳለ መውሰድ እንጂ አንዲት ፊደል መንካት አይቻልም። ችግሩ ራሙን የሚቀሰቅሰውም ክፍል አዲሱን እንግዳ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ከዘበኛው ጋር ከመከራከር ዘበኛውን መቀየር ይቀላል። ተተኪው ኮርቡት ይባላል። በፈረንጆቹ 1999 ሊኑክስባዮስ በሚል ስም የጀመረው ሮን ሚኒክ ሲሆን ቦታው የአቶም ቦምብ የተሠራበት የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ ብዙ ኮምፒውተር አንድ ላይ ይደረደራል፤ የፋብሪካ ባዮስ ደግሞ «ኪቦርድ የለም፤ ለመቀጠል ኤፍ1 ይጫኑ» የሚል ፍጡር ነው። በምን ይጫኑት? ለቲ420 የተዘጋጀው ኮርቡት ሁለቱንም ትውልድ ያውቃል፣ የዋይፋይ ዝርዝርም የለውም።

ቺፗ ላይ ለመድረስ ሳጥኑን ማፈራረስ ስለሚጠይቅ መገናኛ አካባቢ አንድ ጎበዝ ልጅ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ሲኤች341ኤ የምትባለውን ጥቁር የቺፕ መጻፊያ፣ ፕሮግራመሯን፣ ከኪሴ ሳወጣ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ይቺ በዳታ እግሮቿ 5 ቮልት ነው የምትተፋው። ቺፗ የምትችለው 3.3 ነው።»

«ብዙ ሰው ይጠቀምባታል እኮ።»

«ብዙ ሰው ያቃጥላል።»

የራሱን፣ ቮልቴጁን ያስተካከለላትን አወጣ። ቺፗን የሚቆነጥጠውን ክሊፕ በሁለት ጣቱ ከፍቶ፣ የቀዩን ገመድ ጫፍ ቺፗ ጥግ ላይ ካለችው ነጥብ ጋር አግጥሞ፣ ቀስ ብሎ ለቀቀው። የነበረውን ሁለት ጊዜ ገልብጦ አስተያየ፤ ቅጂዎቹ አልተመሳሰሉም። ክሊፑን የፀጉር ያህል ገፋ አድርጎ ደገመ። አሁን ገጠሙ። ካልገጠሙ አንዲት ባይት አልጽፍም አለ። ዋናውን ቅጂ ፍላሽ ላይ አኖረልኝ፤ የኔትወርኩ መለያ ቁጥር ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ጽሕፈቱ ሲጀምር ሥራ ፈታንና ጨዋታ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?»

«ለፍጥነት።»

«ቪዲዮ ይሠራሉ?»

«የለም፣ እጽፋለሁ።»

«ኮድ?»

«ወግ።»

ዝም አለ። ክሊፑን አየ፣ እኔን አየ። «በዎርድ?» አለኝ።

«በዎርድ መሰሉ።»

ጽሕፈቱ አልቆ ሲበራ ስክሪኑ ትንሽ አስጨነቀን። አዲሱ ዘበኛ መጀመሪያ ራሙን ይለማመዳል፣ እስኪጨርስ አይናገርም። ከዚያ ሊኑክሱ ተነሣ፣ የፕሮሰሰሩን ዝርዝር ከፈትን፤ አራቱ ኮሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሥራ ስለሚይዙ ስምንት መስመር ተደረደረ። ልጁ አጨበጨበ። የራሱን ላፕቶፕ፣ ስስና ብርማ የሆነውን፣ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«ያንተንስ አናሳድገውም?» አልኩት።

«የኔማ ተበይዷል። ሶኬት ከሃስዌል ትውልድ በኋላ ነው የቀረው። ባዮሱን ልንካ ብልም ቡት ጋርድ አለ፤ የአምራቹ ቁልፍ ምልክት እዚያው ቺፕሴቱ ውስጥ ተቃጥሎ ገብቷል። አምራቹ ያልፈረመበትን ባዮስ አያስነሣም።»

ለዘበኛው ዘበኛ አቁመውለታል ማለት ነው።

ሒሳብ ከፍዬ ቦርሳዬን ስዘጋ በር ድረስ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ ሊሸጡት ካሰቡ ቅድሚያ ለኔ ይስጡኝ፤ ዛሬውኑ እከፍላለሁ።» ለማወቅ ያህል ስንት እንደሚሰጠኝ ጠየቅሁት። የጠራውን ዋጋ ቤት አልተናገርኩም፤ ባለቤቴ ብትሰማ በነጋታው ትስማማ ነበር።