ሹክ የሚል ሌባ እና የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ፦ የደጀን ከተማ የስልክ ሥጋቶች ምደባ

የጥናቱ ዳራ

ደጀን ለዚህ ጥናት የተመረጠችው በዕጣ አይደለም። ከሞጣና ከቢቸና የሚመጣው መንገድ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ አውራ ጎዳና ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ጤፍ የጫነው መኪና ዓባይ በረሃን ከመውረዱ በፊት፣ ከአዲስ አበባ የመጣውም በረሃውን ወጥቶ እፎይ ሲል፣ ሾፌርና ረዳት ቁጭ ብለው ምሳ ይበላሉ። ምሳው ቶሎ ስለሚያልቅ የቀረውን ሰዓት ወሬ ይወስደዋል። በዚህም ምክንያት ማንኛውም የስልክ ሥጋት ደጀንን ሳይረግጥ አያልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ ደጀን ባለችበት ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ቴሌግራም ዝም ብሎ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን በአይሱዙ እየተጫነ መምጣቱን አላቋረጠም።

የጥናቱ አነሳሽ ምክንያት

ከላትቪያ የተደወለለትን ስልክ እንደ እባብ የሚሸሽ ሰው፣ በ09 ለደወለለት ጨዋ ድምፅ የቴሌብር ምስጢር ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲያስጽፍ ይታያል። ይህ ሰው ፈሪ ነው እንዳይባል ቁጥሩን ሰጥቷል፤ ደፋር ነው እንዳይባል ከላትቪያ ሸሽቷል። ሳይንስ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው በደጀን አንድ ቡና ቤት ውስጥ በምልከታ ነው። ናሙናው የተመረጠው በአመቺ የናሙና ስልት ሲሆን፣ ይህም በቡና ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ማለት ነው። ተሳታፊዎች ስለ ጥናቱ አልተነገራቸውም፤ ቢነገራቸው ኖሮ ለአጥኚው ራሱ ማስጠንቀቂያ ይወጣበት ነበር።

የመረጃ ትንተና

ሀ. አጭበርባሪው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ትሕትናው የተትረፈረፈ ነው። «እናቴ ጤና ይስጥልኝ፤ ከቴሌ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕድለኛ ሆነዋል» ይላል። ወይም «ጋሼ፣ ሲም ካርድዎ ዛሬ ካልታደሰ ሊዘጋ ነው» ይላል። ወይም በስህተት ብር እንደላከ ተናግሮ፣ ገንዘቡ የታመመ ልጅ ማሳከሚያ ስለሆነ ቶሎ እንዲመለስለት ይማጸናል። ለማስረጃም የባንክን አጻጻፍ የሚመስል መልእክት ቀድሞ ልኳል፤ መልእክቱ ግን የመጣው ከተራ የ09 ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ፦ አሁኑኑ፣ ስልኩን ሳይዘጉ፣ ለማንም ሳይናገሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አጭበርባሪው አፍስሳ ሳትለቅም በፊት መድረስ አለበት።

ለ. አስጠንቃቂው። ይህኛው በጽሑፍ ይጮኻል። ቃለ አጋኖው ሦስት ነው፤ ከሦስት ካነሰ ጉዳዩ ቀላል ነው ማለት ነው። ምንጩ ሁልጊዜ ትልቅ ነው፦ ፖሊስ፣ ቴሌ፣ ናሳ። ቀኑ ሁልጊዜ «ዛሬ ሌሊት» ነው፤ መልእክቱ በስንተኛው ዓመት ቢደርስም ዛሬ ሌሊት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ።

የጥናቱ ዋና ግኝት እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ሌባ አንድ ሰው ለይቶ ዝም በል ይላል፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ተናገር ይላል። ምሥጢር እንዲያዝለት የሚለምን ማስጠንቀቂያ፣ ለጎረቤት እንዲነገርለት የሚፈልግ አጭበርባሪ አልተገኘም።

የሁለቱ ዝምድና

የሐሰት ማስጠንቀቂያ ከባዶ አይወለድም። ለምሳሌ «በ+371 ወይም በ+375 ከሚጀምር ቁጥር ሚስኮል ካያችሁ አትደውሉ፤ በ3 ሰከንድ የስልክ ማውጫችሁንና የባንክ መረጃችሁን ይገለብጣሉ» የሚለውን እንመርምር። ቁጥሮቹ የላትቪያና የቤላሩስ መሆናቸው እውነት ነው። አንዴ አቃጭሎ የሚቋረጥ ጥሪ መኖሩም እውነት ነው፤ መልሶ የደወለ ሰው ውድ የውጭ አገር ሒሳብ ይቆጥርበታል፣ ደዋዩም ከዚያ ድርሻውን ያገኛል። ማውጫው በ3 ሰከንድ ይገለበጣል የሚለው ግን ሐሰት ነው። አንዴ አቃጭሎ የማቋረጥ ዘዴ ሚስኮል «ካርድ አልቆብኛልና ደውልልኝ» ማለት በሆነበት አገር ለምን እንደሚሠራ ለማስረዳት የተለየ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም። ላትቪያ ውስጥ የተቸገረ ዘመድ ያለን ይመስለናል።

ችግሩ ማስጠንቀቂያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «የውጭ ቁጥር የተባለ ሁሉ አይነሣ» ወደሚል ሕግ ማደጉ ነው። ልጇ ቤሩት ወይም ጅዳ የምትሠራ እናት ይህን ሕግ ካከበረች ከአጭበርባሪው ትድናለች፤ ከልጇም እንዲሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ «90# ተጫኑ ከተባላችሁ እንዳትጫኑ፤ ሲማችሁን ይወስዱታል» የሚለው ነው። ወሬው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የተዛመተ ሲሆን፣ ከመሥሪያ ቤቶች የስልክ ማዞሪያ ጋር የተያያዘ እውነት ነበረበት፤ 9 ሲጫኑ የውጭ መስመር የሚሰጥ ማዞሪያ በአንዳንድ ቢሮዎች ነበር። የደጀን ኗሪ ኪሱ ውስጥ ማዞሪያ የለውም። በአንጻሩ ማንም የማይጮኽበት እውነተኛ ቁጥር አለ፦ *21* ብሎ ሌላ ስልክ ቁጥር አስከትሎ # መጫን ጥሪን በሙሉ ወደዚያ ስልክ ያዞራል። አጭበርባሪ ይህን ሲያስደውል ማንም ቃለ አጋኖ አያክልበትም። ##002# መደወል ጥሪው እንዳይዞር ያደርጋል፤ ይህ ጠቃሚ መረጃ በመሆኑ በቡና ቤቱ ውስጥ ሲነገር አልተሰማም።

ሦስተኛው፣ ዘመድ የሌለው ሐሰት ነው። ከማርስ የሚመጣ ጨረር ምድርን ስለሚያልፍ ከ12:30 እስከ 3:30 ስልክ ይጥፋ ይላል። ጨረሩ የሚመጣው በፈረንጅ ሰዓት ነው ወይስ በሐበሻ ሰዓት? በፈረንጅ ከሆነ ከሌሊቱ 6:30 ጀምሮ ነው፤ ሁሉም ተኝቷል። በሐበሻ ከሆነ ከምሽቱ 12:30 ጀምሮ ስለሆነ ሰው ሁሉ ስልክ በሚደዋወልበት ሰዓት አገሩ ጸጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በናይጄሪያ፣ በ2007 በፓኪስታን ደግሞ ከተወሰኑ ቁጥሮች የተደወለ ስልክ ያነሣ ሰው ወዲያው ይሞታል የሚል ወሬ ተዛምቶ ነበር። ያነሣው ሁሉ ከሞተ የደወለለትን ቁጥር ለመልእክቱ ጸሐፊ ማን እንደነገረው አልተገለጸም።

አፈንጋጭ መረጃ

አንድ መረጃ ከምደባው ወጥቷል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት «ንግድ ባንክ ከሒሳብህ በላይ ብር ይሰጣል፣ ቶሎ ድረስ» የሚል ወሬ በየዩኒቨርሲቲው በስልክ ተዛመተ። ቸኩሏል፣ ጮኋል፣ ምንጩ አይታወቅም፤ የሐሰት መልእክት መስፈርቶችን በሙሉ አሟልቷል። እውነት ሆኖ ተገኘ። በባንኩ ሥርዓት ችግር ተፈጥሮ ስለነበር ተማሪው በኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ከሳምንታት በኋላ ግን ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አወጣ። ያን ሌሊት «ይሄማ ሐሰት ነው» ብሎ የተኛ ሰው ተሳስቷል፤ ፎቶግራፉ ግን አልወጣም። ስለዚህ መስፈርቱ ሲሳሳትም ይጠቅማል።

ማጠቃለያና አስተያየት

1. ምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ባንክም ሆነ ቴሌ የለም። ደዋዩ ከጠየቀ ስልኩን ዘግቶ ወደ ቴሌ 994 ወይም ወደ ንግድ ባንክ 951 በራስ መደወል ይገባል። አጭበርባሪው ቢቆጣ አይገርምም፤ ሥራውን ነው።

2. «ብር ገባልዎ» የተባለ ሰው መልእክቱን ሳይሆን ሒሳቡን ይይ፤ የቴሌብር በ*127# ይታያል። ካልገባ የሚመለስ የለም፤ ከገባም የሚመለሰው በድርጅቱ በኩል እንጂ በልመና አይደለም።

3. ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ምንጩን ጠይቆ ካላገኘ ምንም አያድርግ። ምንም አለማድረግ ከባድ መሆኑን ጥናቱ ይገነዘባል።

4. የመጀመሪያው ሥጋት ስልክ መዝጋትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አፍ መዝጋትን። ስልክ ለመዝጋት ቀይ ቁልፍ አለ። ለሁለተኛው ቁልፍ የሠራ ኩባንያ እስካሁን ስላልተገኘ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል።