ጎማዋን የማታጥፈው እመቤት

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስትነሱ ጉልበታችሁ የሚንቋቋ፣ ዘመን ጥሏችሁ የነጎደ እኩዮቼ፣ ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? የእህቴ ልጅ አብራሪ ሆኗል። «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ አውሮፕላኑ ራሱ ነው የሚበረው፤ እኛ እንከታተላለን» አለኝ፣ ሳያፍር። ታዲያ ደሞዙን ለምን ለአውሮፕላኑ አይከፍሉትም?

እኛ የትዊን ኦተር ልጆች ነን። ካናዳ ውስጥ ደ ሃቪላንድ ያበጃት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ የበረረች፣ ሁለት ሞተርና 19 መቀመጫ ያላት የጨዋ ልጅ። በደርግ ጊዜ ወደ እኛም አገር መጥታ በየገጠሩ ሜዳ ስትወርድ ያያችኋት ታስታውሳላችሁ። ጎማዋ አይታጠፍም፤ እንደተዘረጋ ወጥታ እንደተዘረጋ ትመለሳለች። የዛሬዎቹ ጎማቸውን ይሸሽጉና ወረደ አልወረደም እያሉ መብራት ይቆጥራሉ። ማን ሸሽጉ አላቸው?

የሞተሯ መቆጣጠሪያ ዘንግ ደግሞ ጣሪያው ላይ ነበር። ስትነሳም ስታርፍም የአብራሪው እጅ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጸሎት አለ? (ቀኝ ትከሻዬ ከጆሮዬ በላይ አልነሳ የሚለኝ ለምን እንደሆነ ግን ሐኪሞቹ እስካሁን ሊነግሩኝ አልቻሉም። የዛሬ ሐኪም!) መሪዋም ከመካከል በአንድ ግንድ ወጥቶ ለካፒቴኑና ለረዳቱ ይከፈላል፤ አንዱ ሲያዞር ሌላው ይሰማዋል። ኤርባስ ላይ ያሉት ልጆች በየጎናቸው ትንሽ ዘንግ ይዘው፣ አንዱ የሚያደርገው ለሌላው እጅ አይታወቀውም። ትዳሩም እንዲሁ ሆኗል መሰለኝ።

ድምፅዋስ! ሁለቱ ፒቲ6 ሞተሮች ጆሯችን ሥር ሲያዜሙ! ረዳቴ ምን እንደሚለኝ አንዲት ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህም ተጣልተን አናውቅም። አሁን ሰው ሁሉ ማንሾካሾክ ለምዷል። የገዛ ቤተሰቤ እንኳ እራት ላይ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

ደግሞ አየር አይታመቅባትም፤ እግዜር እንደፈጠረው ይገባል። ከ12 ሺህ ጫማ በላይ ሆነን ተራራ ስናልፍ መንገደኛው ሁሉ ፊቱ ገርጥቶ፣ ከንፈሩ ጠቆር ብሎ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እንዴት ያለ ሰላም! የዛሬው መንገደኛ በታመቀ አየር ነቅቶ ይጨቃጨቃል። መጸዳጃ ቤት አልነበራትም፤ ሰው ያን ጊዜ ጨዋ ነበር፣ ጉዳዩን ከቤቱ ጨርሶ ይመጣል።

ማረፍ ሲባልማ ጅንካን ነው የምጠራው። ከተማው መሃል የነበረው ያ የሣር ሜዳ! መጀመሪያ ዝቅ ብለን አንዴ እናልፍና ከብቱን እናባርራለን፤ ከዚያ ዞረን የክንፏን ፍላፕ ሙሉ ዘርግተን፣ ከ70 ኖት ብዙም በማይበልጥ ፍጥነት ቀስ ብለን እንወርዳለን። በባሕር ጠለል ላይ ብትሆን ከ400 ሜትር ባነሰ ቦታ ብድግ ብላ 15 ሜትር ትወጣለች። የእኛ ደጋ አየሩ ስስ ነውና ትንሽ ታስለምናለች፤ ግን ልመና ማንን ጎዳ? በሬው እንኳ ሰዓታችንን ያውቅ ነበር። ዛሬ አስፋልትና መብራት ካልተነጠፈለት የሚወርድ የለም።

ይቺ አሮጊት ግን ዛሬም ሥራ አልፈታችም። ስኮትላንድ ውስጥ ባራ በምትባል ደሴት አሸዋ ላይ ታርፋለች፤ የበረራው ሰዓት የሚቆረጠው የባሕሩን ሙላት አይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደቡብ ዋልታ በክረምት ብርድና ጨለማ ተውጦ ሳለ የታመመ ሐኪም ልታወጣ የሄደችው ማን ትመስላችኋለች? ወደ 844 የሚሆኑ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1988 አቆሙ፤ ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው በ2010 አዲሷን እንደገና አበረሩ። እልል ብዬ ነበር፤ ኮክፒቷን እስካይ ድረስ! መርፌና ሰዓቱን ሁሉ ነቅለው ቴሌቪዥን ደርድረውባታል። አሮጊት በኩል ተኳለች አሉ!

ያኔ ጥድፊያ የለም። በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሰው ልጅ ይበቃዋል፤ ዓባይን ስንሻገር ገደሉን በየስሙ እየጠራን ነበር። አሁን ባሕር ዳር ሻይህን ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ይህ ሁሉ የት ለመድረስ ነው? በቀደም እንኳ ጎንደር ልሄድ ስል በረራው 20 ደቂቃ ቢዘገይ መመዝገቢያው ላይ ያለችውን ልጅ አስለቀስኳት። ቀጠሮ አለኝ፣ ሰው ነኝ!

ጎንደር ስንደርስማ ይባስ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ መሬቱ ሲቀርብ እግሬን አጠንክሬ፣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ምንም የለም። መንገደኛው ሲያጨበጭብ ነው ያወቅሁት። አብራሪውን በሩ ላይ አግኝቼ «ልጄ፣ አረፍክ ወይስ አላረፍክም?» ብለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝ። አመሰገንኩት መስሎት!