ናሙናው ሌላ፣ ዕቃው ሌላ

ዕድሜዬን በመንግሥት ንብረት ክፍል ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚያ ሥራ ላይ አንድ የማይታጠፍ ሕግ አለ፤ የመጣው ዕቃ ከናሙናው ጋር ካልተመሳሰለ ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ አይቆረጥም። አቅራቢው ቢለማመጥ፣ አለቃ ቢቆጣ፣ አማላጅ ቢላክ አይቆረጥም። ባለመደገፊያ ወንበር ታዝዞ በርጩማ ከመጣ፣ በርጩማው በመጣበት መኪና ይመለሳል። ይህ ሕግ የጎንደር ካፌዎች በራፍ ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚቀር የሚያስረዳኝ ሰው አጥቻለሁ።

የልጅ ልጄና ጓደኞቿ እሑድ እሑድ «ብራንች» የሚሉት ነገር አላቸው። ለቁርስ የረፈደ፣ ለምሳ የቸኮለ፣ በአራት ሰዓት ተኩል ተቀምጠው በሰባት ሰዓት የሚነሡበት ነው። «አባባ፣ ዛሬስ ሳይመጡ አይቀሩም» አለችኝ። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅዳሴ ወጥቼ፣ ጠበል ብቻ ቀምሼ፣ ባዶ ሆዴን ተከተልኋት። በዚያ ሰዓት የደረቀ ቂጣ ቢሰጡኝ እንኳ መርቄ የምበላ ሰው ነበርኩ። ይህን የምናገረው ለካፌው ጥፋት ማቅለያ እንዲሆን አይደለም፤ ማክበጃ እንዲሆን ነው። የራበውን ሰው በምግብ ማስከፋት ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል።

ካፌው ፒያሳ አካባቢ ነው። ስሙን አልናገርም፤ ከእኔ በነፃ ማስታወቂያ አያገኝም። ደረጃ ወጣን። ወንበሩ ከፍታው ለጉድ ስለሆነ ሰባ ዓመት አልፎኝ እግሬን አንጠልጥዬ ተቀመጥሁ። ሙዚቃው ከአራቱም ማዕዘን ይጮኻል፤ ልጆቹ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው በስልክ የሚጻጻፉት ለካ ወደው አይደለም።

ግድግዳው ላይ መሶብ ተሰቅሏል። ሰፌድም ተሰቅሏል። ጀበናዋ አንገቷ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶባት መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ታዲያ ምግቡ በምን ይቀርባል ቢሉ፣ በጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ! እኛ ድንጋይ ላይ እህልና በርበሬ እንፈጫለን እንጂ አንበላም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለደብተራ ብቻ አይደለም፤ መሶብ ከመስቀልም ወጥ መሥራት ይቀድማል።

አስተናጋጁ መጣና «ፋዘር፣ ምን ይምጣ?» አለኝ። የእጅ ውሃ ያስታጥበኛል ብዬ እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ ሶፍት አቀበለኝ። ሜኑው ላይ ያለው ፎቶ ግን ልቤን ወሰደው። የቋንጣ ፍርፍር ነው፤ ቅቤው ያብለጨልጫል፣ የተቀቀለ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ ጎኑ ተቀምጧል፣ ቃሪያው ተሰንጥቆ ተጋድሟል። ናሙናውን አጽድቄ አዘዝሁ።

ከዚያ በኋላ ጥበቃ ሆነ። መብራት ሄደ። ጄኔሬተር ተነሣ። የቡናው ማሽን «ትንሽ ይሙቅ» ተባለ። እኛ ጎንደሮች የመገጭ ግድብ ዘገየ ብለን ስናማ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ግድቡን ይቅር አልኩት። በመስኮቱ በኩል የፋሲል ግንብ ይታያል። ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ የቆመው ግንብ በኖራ ሲታደስ ያየሁ ሰው፣ አንድ ሳህን ፍርፍር ተሠርቶ ሲያልቅ ሳላይ ልሞት ነው ብዬ ሰጋሁ።

ማኪያቶው ቀድሞ መጣ። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ይዞታውን ያስረከበው እዚሁ ጎንደር ላይ ነው፤ በኅዳር 1934። ጄኔራል ናሲ ጦሩን ሲያስረክብ ማኪያቶውን ለእኛ ትቶልን ሄደ። ርክክቡ ላይ ብኖር ኖሮ «አፈላሉንም አስተምራችሁ ሂዱ» ብዬ አስፈርም ነበር። አረፋው ላይ ልብ ተሥሏል፤ ከልቡ ሥር ያለው ቡና ግን በርዷል።

በመጨረሻ ትእዛዙ ደረሰ። እንደ ልማዴ መነጽሬን አድርጌ በየተራ መረመርሁ።

መጀመሪያ ፍርፍሩ። የቋንጣ ፍርፍር ሥርዓት አለው። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላል፤ በርበሬው ይገባና ጠብ ጠብ እየተደረገለት ይበስላል፤ ቋንጣው ተሰባብሮ ከቁሌቱ ጋር እስኪለሰልስ ይንተከተካል። ኮሰረትና ኮረሪማ ያወደው ቅቤ ይከተላል። እንጀራው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ያደረው፣ መረቁን ጠጥቶ የማይላሽቀው። እኔ ፊት የቀረበው ግን ትኩስ እንጀራ በቲማቲም ድልህ ተለውሶ ነው። ቋንጣው? ቋንጣው ከላይ ተነስንሷል! ለጌጥ! ከወጡ ጋር ትውውቅ ሳይኖረው፣ ደረቁን እንደተሰቀለ መጥቶ ጥርሴን ተፈታተነው። ከቀሩኝ መንጋጋዎች አንዷ እስከ ማግስቱ ስታማርር ውላለች። እንቁላሉ ከሁለት ሳይሆን ከአራት ተከፍሏል፤ የቀረችው ሩብ ብቻ ናት። ሦስቱ ሩብ የት ሄደ? በእኛ ጊዜ ቢሆን ይህ ኮሚቴ የሚያስቋቁም ጉድለት ነው።

የልጆቹም ገበታ ከእኔ አልተሻለም። ዳቦው በላስቲክ ታሽጎ የመጣ፣ ጠርዙ የደረቀ ነው። ይህ የሚሆነው ወገራና ዳባት ስንዴና ገብስ በሚያፍሱበት፣ ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ እሳት ከላይም ከታችም ይዞት በሚጋገርበት አገር ነው። ዳቦው ላይ አቮካዶ ተቀብቶ ሰሊጥ ተነስንሶበታል ተባለ። ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ፍሬ። መተማ ሰሊጡን በጭነት መኪና ለውጭ ገበያ ይልካል፣ ፒያሳ ላይ በፍሬ ይታደላል። የደባርቅ ደጋ ድንች በሚያወርድልን ከተማ የተጠበሰው ድንች ቀዝቅዞ፣ ጎብጦ መጣ። ማር ተብሎ ፓንኬኩ ላይ የፈሰሰውን ነገር ደግሞ ንብ ብትጠየቅ አላውቀውም ትላለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የደምቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ የወገራ ገብስ፣ የስሜን በግ፣ የጣና ዓሣ፤ ይህ ሁሉ በአህያም በአይሱዙም ዳገቱን ወጥቶ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ይመጣል። ከገበያው እስከ ካፌው ጓዳ ያለችውን አጭር መንገድ ግን መሻገር ያቅተዋል።

ይህች ከተማ በምግብ ጉዳይ ቀልዳ አታውቅም። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመው ከአንድ ባላገር ቤት ወደቁ፤ የቤቱ ልጅ ምንትዋብ አስታመመቻቸው፣ አገገሙ፣ አገቧት ይባላል። ዛሬ ቁስቋም ላይ የምናየው የእቴጌይቱ ግንብ የዚያች ማስታመም ውጤት ነው ማለት ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ንጉሡ ያን ቀን የወደቁት እኔ የሄድኩበት ካፌ ቢሆን ኖሮ፣ ማግባቱ ቀርቶ ሳይድኑ ይቀሩ ነበር። ቁስቋምም ባዶ ኮረብታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1760ዎቹ ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር መጥቶ ተቀመጠ። አገሩ ተመልሶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እዚህ አገር በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ብሎ ጻፈ። ሎንዶኖች ውሸታም አሉት። እውነት ይሁን ሐሰት እሱና እግዜር ይወቁት፤ እኔ የምለው ሌላ ነው። ያን ጊዜ በጎንደር ገበታ ላይ ፈረንጅ ያቀረበው አቤቱታ ምግቡ ከመጠን በላይ ትኩስ ነው የሚል ነበር። ወዴት ወረድን ጎበዝ?

በባለቤቱ ላይ ፍርደ ገምድል አልሆንም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ዘይቱም የስንዴ ዱቄቱም የተቀመጠበት አልተገኘም። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ሰንብቷል፤ ቱሪስቱ እንደ ድሮው አይመጣም፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ቅቤ ሲወደድ ቅቤ ይቀነሳል እንጂ ቁሌት መሥራት አይረሳም። ሽንኩርት ማቁላላት ምንዛሪ አይጠይቅም፤ ቆሞ ማማሰል ብቻ ነው የሚጠይቀው። የቆመ ሰው ደግሞ ሞልቷል፤ ሁለት አስተናጋጆች ፎቶ ሊያነሡን ቆመው ነበር።

ሒሳቡ መጣ። 15 በመቶ ቫት ታክሎበት ከወር ጡረታዬ ጥሩ ቁራሽ የሚያነሣ ነው። የልጅ ልጄ በቴሌብር ከፈለችው፤ እኔ ቦርሳዬን እስካወጣ የመክፈያው ነገር አልቆ ነበር። ደስ እንዲላት ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «የኔ እናት» አልኳት፣ «ይህን ለመብላት ነው በየሳምንቱ የምትመጡት?» ከልቧ ሳቀች። «አባባ ደግሞ! ለምግቡ ማን መጣ?»

ለካ አቃቂር የማወጣው ማንም ባላዘዘው ዕቃ ላይ ነው።

አዳመጥኋት። ቤት ውስጥ አንድ ሳሎን ለሁሉም ነው፤ ቴሌቪዥኑ አለ፣ እንግዳው አለ፣ «ተነሺ ይህን አድርጊ» የሚል አለ። መንገድ ዳር ቢቆሙ የሰፈሩ ዓይን አለ፤ ከዓይኑ ወሬው ይብሳል። ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያወራበት፣ ማንም የማይልከው፣ ማንም «የማን ልጅ ነህ?» የማይለው ቦታ በገንዘብ ካልሆነ አይገኝም። እኛ ጃንተከል ዋርካ ሥር ስንቀመጥ ጥላው ደረሰኝ አይጠይቅም ነበር። ቀሃ ወንዝ ዳር ብንውልም ማንም «ሌላ ምን ይጨመር?» ብሎ አይቆምብንም። ልጆቹ የሚገዙት ያንኑ ጥላ ነው። ፍርፍሩ የወንበሩ ኪራይ መክፈያ ሰነድ ነው እንጂ ምግብ አይደለም፤ ባለቤቱም ያውቀዋል፣ ለዚህ ነው ቋንጣውን ለማለስለስ የማይጨነቀው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ከሆነ በግልጽ ይሁን። ለሁሉም ካፌ ባለቤቶች የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ወንበሩን በሰዓት አከራዩ። የመስኮት ዳር ወንበር ይህን ያህል፣ የመሐሉ ይህን ያህል ብላችሁ ታሪፉን በር ላይ ለጥፉ። ባለመደገፊያውን አስወድዱት፤ እኔ እከፍላለሁ። ወጥ ቤቱን ዝጉና ቁሌት ለሚያውቁ እናቶች አከራዩት፤ ያን ጊዜ የወገራ ገብስ ገንፎ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሞላበት፣ ደረጃውን ወጥቶ ይመጣል። መሶቡን ከግድግዳው አውርዱት፤ ሥራ አለው። ጀበናዋንም አበባዋን ንቀሉላትና ቡና አፍሉባት። ይህ እስኪሆን እኔ የኪራዬን ከፍዬ፣ በሶዬን በላስቲክ ቋጥሬ እመጣለሁ፤ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም በፈረቃ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩኝ። ሙዚቃውን የሚቀንስ ሰው ደግሞ በቋሚነት ይቀጠር፤ ደመወዙን ከጡረታዬ አዋጣለሁ።