ግራም ሆነ ቀኝ

አብነት ሰፈር፣ ጀበና ቡናው ጋ፣ በርጩማ ላይ የሚያስችል ጠበቃ አለን። ፈቃዱን ያገኘው ከሁለት ስኒ ቡናና ከአንድ እፍኝ ለውዝ ነው። ሰሞኑን የያዘው ጉዳይ፦ የኮሌጅ ስፖርተኛ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጋንጃ ቢገኝ ምን ይሆናል? ፍርዱንም ቡናው ሳይቀዘቅዝ ሰጠ፦ "ምንም አይሆን! አንድ ግራም ናት!"

ግራም ሆነ ቀኝ፣ ጌታዬ፣ መንገዱ ልደታ ፍርድ ቤት ነው የሚያደርሰው። ከበርጩማህ በእግር ይደረሳል፤ በፖሊስ መኪና ደግሞ በነፃ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ይዞ መገኘትን ከማምረትና ከማዘዋወር ጎን ነው ያስቀመጠው። "ትንሽ የያዘ ቡናውን ጨርሶ ይሂድ" የሚል ንዑስ አንቀጽ ካገኘህ አሳየንና እኛም እንያዝ።

"ልጁ ችሎታ አለው!" ጥሩ፤ ችሎታውን ችሎት ያየዋል። "ሪከርድ ሊሰብር ነው!" ሪከርዱማ ገብቷል፤ ፖሊስ ጣቢያ ነው የተመዘገበው። "ሯጭ እኮ ነው፣ ያመልጣል!" ፖሊስ በሰዓት አይሮጥም፤ በአድራሻ ነው የሚመጣው። አሠልጣኙ ጫማህን እሰር ቢለው፣ እሱ ራሱን አሳሰረ።

"ለመሆኑ ስፖርተኛ በዚህ ታስሮ ያውቃል?" ጎበዝ፣ ሰማችሁት? በ2008 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ማራቶን ላይ የሮጠ ልጃችን ሽንቱ ውስጥ ሜልዶኒየም ተገኘበት። የልብ መድኃኒት ነው፤ ከተከለከለ ገና ሦስት ወሩ ነበር። አውቄ አልወሰድኩም ብሎ ተከራከረ። ከውድድር መታገዱ አልበቃ ብሎ በ2010 ዓ.ም. 3 ዓመት እስር ተፈረደበት፤ በዶፒንግ የታሰረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አትሌት ሆነ። አንተ ግን "አበረታች ቅመም" ሲባል ኮረሪማ ይመስልሃል!

"እሱ ዶፒንግ ነው፤ ጋንጃ ሌላ!" በል ብሪትኒ ግራይነርን ጠይቃት። የቅርጫት ኳስ ንግሥት ናት፤ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ይዛ ነው በ2022 እ.ኤ.አ. ሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰችው። ሻንጣዋ ውስጥ የተገኘው የካናቢስ ዘይት አንድ ግራም አይሞላም። 9 ዓመት ፈረዱባት! አሜሪካ ያስፈታቻት ቪክቶር ቡት የሚባለውን የጦር መሣሪያ ነጋዴ ለውጣ ነው። አንተ ብትያዝ በማን ትለወጣለህ? ሰፈሩ ቢያዋጣልህ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ነው፤ እሱም ከተገኘ።

"የአሜሪካ ኮሌጆች ፈቅደዋል!" አለ ደግሞ። እንዴት ያለ ንባብ ነው! የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ካናቢስን ከአንደኛ ዲቪዚዮን የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር አወጣ እንጂ ፖሊስን ከሥራ አላወጣም። አብነትንም የኦሃዮ ክፍለ ከተማ አላደረጋትም። (ሕጉ ለልጅ ይጨክናል የሚል ካለ እኔም አብሬው ነኝ፤ ግን ይህን የሚከራከሩት ፓርላማ ሄደው እንጂ ኪስ ሞልተው አይደለም።)

አሁን ጠበቃችን የመጨረሻ ካርዱን መዘዘ። "እሺ፣ ልጁ ሕጋዊውን ይያዝ፤ ጫት!" ይህን ሲል በለጬው ጉንጩ ውስጥ ነው፤ ጉንጩ ብቻውን አንድ ምስክር ይመስላል። እውነት ነው፣ ጫት ግብር ይከፈልበታል፣ ወደ ውጭ ይላካል፣ ዶላር ያመጣል። ሽንት ግን ደረሰኝ አያሳይም! ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ዝርዝር ላይ አለ፤ በውድድር ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ልጁ አለቀለት። ማይክሮግራም! አንተ "አንድ ግራም ናት" እያልክ ስትሟገት፣ እነሱ ግራሟን ለሚሊዮን ከትፈው ነው የጠበቁህ።

በል ገረባህን ጥረግና ልጁን ልቀቀው። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ አለው።