ሰሙ ከመዠንግር፣ ወርቁ ከዲማ

ቅኔ የሚገኘው ጎጃም ብቻ ነው የሚሉ መሪጌቶች ጋምቤላን አላዩም። እዚህ ሰምና ወርቅ የሚወጣው ከምድሩ ነው። ሰሙ ከመዠንግር ይመጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው ደን ውስጥ፣ ማር ቆራጩ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎውን ይሰቅልና ንብ እስኪገባለት ይጠብቃል። ወርቁ ከዲማ ይመጣል። አኮቦ ወንዝ ዳር ባህላዊ አምራቹ ወገቡ እስኪቆረጥ አፈር ሲያጥብ ይውላል። ማሩ ሲጨመቅ ሰም ይቀራል፤ አፈሩ ሲታጠብ ወርቅ ይቀራል።

ነጋዴ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። የመዠንግሩ ሰው የሰቀለውን ለመቁረጥ ወቅት ይጠብቃል፤ ነጋዴ የሰቀለውን በየቀኑ እንቆርጥለታለን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ወቀሳ እንዳይመስላችሁ። ምስጋና ነው። የማመሰግነውም ጋምቤላ ገበያ ሸራውን ወጥሮ ንዋየ ቅድሳት የሚሸጠውን ወንድሜን ነው። ሁለት ስንኝም አበርክቼለታለሁ፦

ባዶ እጁን የመጣ ባሮን ተሻግሮ፣
ለካስ ጌታ ሆኗል መስቀል ጀምሮ።

ጋምቤላ ከመነሻዋ የንግድ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻ ያለው ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተፈቀደ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ያመጣ ነበር፤ ሲመለስ ቡናውን፣ ቆዳውን፣ ሰሙን ጭኖ ይወርድ ነበር። ውሉ ቦታው ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል በግልጽ ከልክሏል። ስለ እግዜር ዕቃ ግን አንድም ቃል አልጻፈም። አርቃቂዎቹ ይህም በደርዘን ይሸጣል ብለው አላሰቡም፤ የዘመናቸው ሰዎች ነበሩና አንፈርድባቸውም።

ወንድሜ ያንን ክፍተት ሞልቶታል። መደቡን በሁለት ከፍሎታል። በቀኝ በኩል የላሊበላ፣ የጎንደርና የአክሱም መስቀል፣ ማተብ፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ ዕጣን፣ ጧፍ ይደረደራል። በግራ በኩል «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል የእጅ አምባር፣ የባጃጅ ላይ ጽሑፍ፣ ቲሸርት፣ ጸሎት የተደረገበት ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ ከ100ው 70ው ፕሮቴስታንት፣ 17ቱ ግድም ኦርቶዶክስ ነበር። ወንድሜ ሁለቱንም በአንድ ሸራ አስጠልሏል። እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የጀመረውንና ከዚያም ወዲህ እየተሰነጠቀ የመጣውን ክርክር ስንት ሊቅ ስንት ዘመን ደክሞበት አልፈታውም። እዚህ ግን ቀኙና ግራው አንድ ካዝና ውስጥ ታርቀው ያድራሉ። የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት ናፈቀኝ የሚል ሁሉ ወደ ጋምቤላ ገበያ ይምጣ።

ጧፉን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። የመቅደሱ ጧፍ ከንብ ሰም እንዲሆን ነበር የጥንቱ ሥርዓት፤ ንጹሕ ነውና፣ ንብም ለፍታበታለችና። ወንድሜ ፓራፊን ያቀርባል። ንብ አትደክምም፣ ዛፍ ላይ የሚወጣ የለም፣ መብራቱም ከሩቅ ለሚያየው ያው ነው። የሰሙን ጉዳይ ለምን ታነሣለህ የሚለኝ ይኖራል። እኔ አላነሣሁም። ሰሙ ራሱ ሰም ካልሆነ ወርቁን የሚጠይቅ ሞኝ ማን ነው?

አንዲት እናት ቀርበው ሲጠይቁት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ልጄ፣ እምነት አለ?»

«እምነት አልቋል እማማ። ዘይት አለ፣ ማተብ አለ፣ ጸበልም በሊትር አለ።»

«መቼ ይመጣል?»

«እኔ እንጃ እማማ። ጠያቂው ስላነሰ ማምጣቱን ትተነዋል።»

«ታዲያ ያለ እምነት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?»

«ይሸጣል፣ እማማ።»

እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ ይባረክ። መጋዘኑ ከባዶም ባዶ ሆኖ፣ በድምፅ ማጉያ «ሞልቷል፣ ተትረፍርፏል፣ ኑ ውሰዱ» የሚል ስንት አለ!

የድሮ ሰዎች ንግድ እንዳልገባቸው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አኝዋዎች ድሙይ የሚሉት ሰማያዊ የመስተዋት ዶቃ ነበራቸው። ልጅ የሚዳረው በእርሱ ነበር። እህት ስትዳር የገባው ድሙይ ወንድምን ይድራል፤ የወንድም ሚስት ቤተሰብ ደግሞ በእርሱው የራሱን ልጅ ይድራል። ዶቃው ከቤት ቤት እየዞረ ሰውን ከሰው ያስራል። የመኳንንቱ ደግሞ ይብሳል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኝዋ አስተዳደር ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ የሹመታቸው ምልክት አንገት ላይ የሚጠለቅ የዶቃ ሐብል ነበር። ለዚያ ሐብል የሚዋጋ ነበረ፣ የሚሞትም ነበረ። «ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም። አስቡት፤ ያን ያህል ተፈላጊ ዕቃ ይዘው አንድ ሱቅ እንኳ አልከፈቱም! በኋላ ደርግ መጣና ኋላቀር ነው ብሎ ድሙዩንም መኳንንቱንም ተዋጋ። ወንድሜ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ አብዮተኞቹን እንዲህ ይመክራቸው ነበር፦ «ለምን ትከለክላላችሁ? አብዙትና በርካሽ ሽጡት፤ ራሱ ይሞታል።»

ደገኛውም የአንገት ነገር ነበረው። ካህን በክርስትና ዕለት ያሰረለት ክር፣ ማተብ። ማተቤን ብሎ የማለ ሰው ያበደረውን አይክድም፣ የቆረጠውን ዋጋ አያፈርስም ይባል ነበር። የአሁኑ ማተብ ባለ ብዙ ቀለም፣ ባለ እንጨት ዶቃ ሆኖ ከሰዓትና ከጫማ ጋር ተስማምቶ ይታሰራል። ክሩም ናይሎን ነው፤ ጠንካራ ነው። ሚዛን ላይ የሚሰርቅም፣ መሬት ሲያጣላ በሐሰት የሚመሰክርም አንገቱ ላይ አለ፤ አንዱም አልተበጠሰም። የድሮው ክር እኮ እንዲህ ያለውን ሥራ አይችልም ነበር።

ወንጌላውያኑ ዘግይተው ነው ገበያ የገቡት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዶን ማክሉርና ባልደረቦቹ የፕሪስቢቴሪያን ሚስዮናውያን ባሮ ዳር ፖክዎ ላይ ሲሰፍሩ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ይዘው መጡ። ሥዕል የላቸው፣ ማተብ የላቸው፣ ዕጣን የላቸው። ቃሉ ይበቃል አሉ። ይህ ለክልሉ ኢኮኖሚ ምን ያህል ጉዳት እንደነበር ገምቱ፤ ኋላ ከ100 ሰው 70 ለሚሆነው ሕዝብ የሚሸጥ ነገር የለም ማለት እኮ ነው! ደግነቱ ችግሩ ተፈቷል። ሥዕል መሳለም ጣዖት ነው ብሎ የተወው ወንድማችን፣ ዛሬ የሰባኪው ፎቶ ያለበትን ጠርሙስ ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሱፍ ሆነ ፓልም፣ ዘይቱ ግን የተቀባ ሰው የጸለየበት ነው። ሰውየው መቀባቱን እኔ አልጠራጠርም፤ ሲያብለጨልጭ አይቼዋለሁ። ከቅቡ ሥር ያለውን ብረት ነው የማላውቀው።

ባጃጆቻችንም ወንጌል ሰባኪ ሆነዋል። አንዱ በኢየሱስ ስም፣ ሌላው በማርያም ጥበቃ ይሄዳል። ሳያቸው የደረስኩበት አንድ ሕግ አለ፤ የተለጠፈው መስቀል ትልቅ በሆነ ቁጥር ታሪፉም አብሮ ይሰቀላል። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም ሹፌሩ ወደ መስተዋቱ ያሳየዋል። እውነቱን ነው፤ ዋጋ የተከፈለልን መሆኑ እዚያው ተጽፏል። መልስ ግን የለውም።

አያቶቻችን በዚህ ነገር ምንኛ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር! 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማሪያ ትሬዛ ብር፣ እያንዳንዱ 28 ግራም የሚመዝነውን፣ በሬ የሚገዛውን፣ ገበሬ ለክፉ ቀን የሚቀብረውን፣ ወደ አንጥረኛ ወስደው ያቀልጡና የአንገት መስቀል ያሠሩበት ነበር። ብሩን መስቀል አደረጉት። እኛ ነቅተናል፤ መስቀሉን ብር አደረግነው። እሳቱ ያው ነው፣ ወናፉ ያው ነው፤ የተለወጠው መጀመሪያ የሚገባውና በመጨረሻ የሚወጣው ብቻ ነው።

ትልልቆቹ ነጋዴዎች ደግሞ ወንድሜን ይንቁታል። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ወጣ፤ አንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ ገዛው፤ በ2001 ወደ አገሩ ተመለሰ። ስሙን ጠብቆ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ገባ። ከሰራቂው፣ ከደላላውና ከገዢው መካከል ስሙ የሚስማማው ለማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ያም ሆኖ ትልቁ ነጋዴ የሰረቀው አንድ መስቀል ነው። የጋምቤላው ወንድሜ የማንንም መስቀል አልሰረቀም። ፋብሪካው ያመረተለትን ነው የሚሸጠው፤ አንዱ ከሌላው በምንም አይለይም፤ ቢጠፋ የሚያለቅስለት የለም፤ ቢመለስ አደባባይ የሚወጣለት የለም። ከሌብነት የጸዳ ሥራ ይሉታል ይህ ነው።

ዋጋው ግን ያሳስበኛል። በወንጌሉ ዘመን ጌታውን የሸጠው ሰው የተቀበለው 30 ብር ነበር። ዛሬ በ30 ብር ሥዕሉን እንኳ የሚሰጣችሁ ቢኖር ቀለሙ የለቀቀውን ነው። የዋጋ ንረቱን እዩ! ያ ሰው ደግሞ ተጸጽቶ ብሩን ቤተ መቅደስ ወርውሮ ሄደ። በዛሬ አሠራር ደረሰኝ ስለሌለው ተመላሽ አይደረግለትም፤ መጸጸቱም ለገበያው መረጋጋት አይጠቅምም።

የመንግሥትና የቤተ እምነት ኃላፊዎች ሊከታተሉት የሚገባ አንድ ከባድ የንግድ ችግር አለ። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በፑኝዶ መጠለያ የሰፈሩ ስደተኞች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። በሣር ክዳን ሥር ተሰብስበው ይዘምራሉ። መስቀል ሲያሻቸው ሁለት እንጨት ይቆርጡና በገመድ አስረው ያቆሙታል። እንጨቱ ከጫካ ነው፣ ገመዱ ከድንኳን ነው፣ ግብር አልተከፈለበትም፣ ንግድ ፈቃድ የለውም። ይባስ ብሎ አይለዩትም። ሟች ሲቀበር ይቆማል፣ ሕፃን ሲጠመቅ ይቆማል፣ ራሽን ሲቀንስ ይቆማል። ወንድሜ ሸቀጡን ይዞ አንድ ቀን ወርዶ ነበር። ዙሪያውን ሲያይ ውሎ ሳይሸጥ ተመለሰ። «እነዚህ ሰዎች» አለኝ ተቆጥቶ፣ «ይሸከሙታል እኮ! የሚሸከም ሰው ምን ይገዛል?»

እውነቱን ነው። በነፃ የሚሰጥ ነገር ገበያ ያፈርሳል። ስለዚህ ቁጥጥር ይደረግ፤ ሁለት እንጨት አግድም የሚያስር ሰው ፈቃድ ያውጣ፤ በየዐውደ ምሕረቱና በየአዳራሹ ደጅ መደብ ዘርግቶ የሚነግደውን ማንም እንዳይረብሸው ይታወጅ። እንዲህ ያለ ረብሻ ከዚህ ቀደም ኢየሩሳሌም ላይ ደርሷል። አንድ ሰው ጅራፍ ይዞ ገባና ርግብ ሻጩን ከነርግቡ አስወጣ፣ የለዋጮቹን ጠረጴዛ ገለበጠ፣ ገንዘባቸውን በተነ። ገበያው ግን ከሰውየው ይበልጥ ያውቅ ነበርና ሳምንት ሳይሞላ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፤ ሸማቹ ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ እስከ ዛሬ ያወረደው ነጋዴ የለም።