ኮምፒውተር ሪስታርት በተደረገ ቁጥር የሚቀያየረውን የመሣሪያ ስም ለማጽናት የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በማዘርቦርዱ ላይ የተተከላችሁ፣ በዩኤስቢ ቀዳዳ በእንግድነት የገባችሁ፣ ዲስኮች፣ ኔትወርክ ካርዶችና ፍላሾች ሁሉ!

በሊኑክስ ምድር ቀድሞ የደረሰ «ኤስዲኤ»፣ ተከትሎ የደረሰ «ኤስዲቢ» የሚባልበት የወረፋ ስያሜ ሰፍኖ በመቆየቱ፤

ከርነሉም ጊዜ ለመቆጠብ ሲል መሣሪያዎቹን ጎን ለጎን ስለሚቀሰቅስ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማን ቀድሞ አቤት እንደሚል የሚያውቅ ባለመኖሩ፤

ማታ «ኤስዲቢ» የነበረው ባዶ ዲስክ ጠዋት «ኤስዲኤ» ሆኖ ሳለ፣ የማታውን ስም አምኖ ፎርማት ያደረገ ሰው የሠርጉን ፎቶ ሊያጠፋ የሚችል በመሆኑ፤

እኛ፣ ግሬግ ክሮዋ-ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ያስጀመረን፣ በ2012 ከሲስተምዲ ጋር የተዋሃድን የስም ጠባቂው ዩዴቭ፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የስም ማጽኛ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም አንቀየምም።

አንቀጽ 2። ማንኛውም ዲስክ «ኤፍኤስታብ» በተባለው መዝገብ ላይ በወረፋ ስሙ መስፈሩ ቀርቶ፣ ፎርማት ሲደረግ በተሰጠው ዩዩአይዲ ይመዝገብ። መለያው በኤክስት4 ላይ ከነሰረዙ 36 ምልክት ነው፤ በቃሉ የሚይዘው ሰው እንደሌለ እናውቃለን፣ ኮፒ ይደረግ። ለጆሮ የሚመች ስም የፈለገ በሌብል መሰየም ይችላል። ሆኖም ኤክስት4 ለሌብል የሚፈቅደው 16 ባይት ሲሆን፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይበላል። ስለዚህ ዲስኩን «መጠባበቂያ» ልበለው ያለ ሰው ስድስተኛው ፊደል ላይ ይቆረጥበታል። «ትርፍ» ይበለው። በላቲን ለሚጽፍ አሥራ ስድስት ተፈቅዶ ለእኛ አምስት መሆኑ ቅር ያሰኛል፤ አቤቱታው ግን ለዚህ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ አይደለም።

ዲስኩን እንዳለ በ«ዲዲ» የገለበጠ ሰው መለያውንም አብሮ እንደገለበጠ ይወቅ። መንትዮቹ በአንድ ማሽን ላይ ከተሰኩ በዚያ ስም ሲጠሩ የትኛው ብቅ እንደሚል ዋስ አንሆንም። አንዱ አዲስ ዩዩአይዲ ይውሰድ።

ተንቀሳቃሽ ዲስክን «ኖፌይል» የሚል ቃል ሳያክልበት የመዘገበና ዲስኩን በቦርሳው ይዞ የወጣ እንደሆነ፣ ሲስተምዲ 90 ሴኮንድ ጠብቆ ሲያጣው በማሽኑ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ያውጃል። አንድ ዲስክ ስለቀረ ይህን ያህል መደንገጥ የበዛ ይመስለናል፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው።

አንቀጽ 3። የኔትወርክ ካርዶችን በተመለከተ፣ ከ2013 ጀምሮ «ኤዝ0» የሚለው ስም ቀርቶ በመቀመጫቸው መጠራት ጀምረዋል፦ «ኢኤንፒ3ኤስ0» ማለት በሦስተኛው ባስ፣ በዜሮ ቁጥር ማስገቢያ ያለው ካርድ ነው። አሠራሩን ያመጡት ሰዎች ስሙን «አስቀድሞ የሚገመት» ይሉታል። ይሁን። አዲስ የፒሲአይ ካርድ ጎረቤት ሆኖ ሲገባ የባሱ ቁጥር ሊገፋ፣ ሦስቱ አራት ሊሆን እንደሚችል ግን ማንም አልገመተም ማለት አይቻልም። በማክ አድራሻው ልጥራው ያለ ይፈቀድለታል፤ ስሙ ልክ 15 ምልክት ይሆናል፣ ከርነሉም ከዚያ አንዲት አይጨምርም።

አንቀጽ 4። ከሁሉ የከፋው የሲሪያል ገመዶች ጉዳይ ነው። ጂፒኤሱና ሚዛኑ «ቲቲዋይዩኤስቢ0» እና «ቲቲዋይዩኤስቢ1» ተብለው ይሰካሉ፤ ሪስታርት ሲደረግ ስም ተለዋውጠው ይነሣሉ፤ ፕሮግራሙም የጤፍ ኩንታል ከሳተላይት፣ ኬንትሮስ ከሚዛን ሲጠይቅ ይውላል። መድኃኒቱ በ«ሩልስ.ዲ» ውስጥ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው፦ የአምራቹን መለያ፣ የምርቱን መለያና የሲሪያል ቁጥሩን አይቶ «ሚዛን» የሚል ተጨማሪ መጠሪያ ይሰጣል። የወረፋ ስሙ እንደነበረ ይኑር፣ እኛ የምንሰጠው ወደ እርሱ የሚያመላክት ሊንክ ነው። ለማጣራት ሁለት የእኩል ምልክት፣ ለመስጠት አንድ፤ አንዱን ረስቶ ሌሊቱን ሲያነጋ የተገኘ ይቅርታ አይጠይቀን።

ሲኤች340 የተባለውን ርካሽ ቺፕ ከያዙት ገመዶች ብዙዎቹ ሲሪያል ቁጥር የላቸውም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብናቆማቸው እኛም አንለያቸውም። ለእነርሱ የሚታየው የተሰኩበት ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ፣ ቀዳዳው ላይ በማርከር «ሚዛን» ተብሎ ይጻፍ፤ ሲያጸዳ ነቅሎ በሌላው የሚሰካ ሰው ደግሞ ይመከር።

አንቀጽ 5። በወረፋ ስም የተጻፉ ስክሪፕቶች ሁሉ ተሽረዋል። በተለይም «እስከ ዛሬ ሠርቷል» የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 6። ይህ አዋጅ «ዩዴቭአድም» ደንቦቹን ዳግም እንዲያነብ ታዝዞ፣ መሣሪያው ተነቅሎ ከተሰካበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ደንቡን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ወደ ቤት የምትጣደፉ ሆይ፣ ቢያንስ አንዴ ሪስታርት አድርጋችሁ ስሙ በቦታው መኖሩን አይታችሁ ሂዱ።